«ኢንተርቬንሽን አለ» ብትለኝ ንግግር ጽፌ ሄድኩ

ወገን፣ ዛሬ እኔ ራሴን ያዋረድኩትን ያህል ማንም ጠላት አዋርዶኝ አያውቅም።

ደግሞ እኮ ሱፍ ለብሼ ነው! ከረባት አስሬ! አራት ገጽ ንግግር በኪሴ ይዤ፣ በገዛ እግሬ፣ በሰዓቱ ደርሼ! (እኔ በሰዓቱ ስደርስ እስቲ አስቡት።)

ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። ከመሳቃችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ አንተነህ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ሲታክ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የፓርኪንግ ሻትል እነዳለሁ። መኪናውን ፓርክ ያደረገውን መንገደኛ ከነሻንጣው ተርሚናል አደርሳለሁ፣ ከጉዞ የተመለሰውን ደግሞ ወደ መኪናው እመልሳለሁ። በጠዋት ገብቼ ቀትር ላይ እወጣለሁ።

ከቀትር በኋላ ደግሞ የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ እመራለሁ።

ላይቭ ገብቼ ማለቴ ነው! መኝታ ቤት በሬን ዘግቼ፣ ስልኬን የሽቶ ጠርሙስ ላይ አስደግፌ። ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አሜሪካ ጦሯን ይዛ ሰው አገር ትግባ ወይስ አትግባ?

እኔ የ«አትግባ» ጎራ አለቃ ነኝ። በግራ ውቅያኖስ፣ በቀኝ ውቅያኖስ ታጥሮ የተቀመጠ አገር የሰው አጥር ምን ያዘልለዋል? ማን ጠራው? የራሱ ድልድይ ተሰነጣጥቆ፣ የራሱ ዜጋ ድንኳን ውስጥ እየኖረ፣ ወታደሩ በማያውቀው በረሃ ምን ይሠራል? እንዲህ እያልኩ ሦስት ሰዓት እሄዳለሁ። ውኃ እንኳ አልጠጣም።

የ«ትግባ» ጎራ አለቃ ደሳለኝ ነው። እሱም እዚያው ከእኔ ጋር ሻትል የሚነዳ ባልደረባዬ ነው። «አሜሪካ ባትገባ ሌላ ይገባበታል! ባዶ ወንበር ባዶውን አይቀመጥም!» ባይ ነው። «ጎረቤትህ ሚስቱን ሲደበድብ የቲቪህን ድምፅ ትጨምራለህ?» ይለኛል። «ፖሊስ እጠራለሁ» እለዋለሁ። «ታዲያ የዓለም ፖሊስ ማን ሆነና!» ይላል። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁሌም እንጣላለን።

የፓርቲዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እኛ ዲቪ ደርሶን ስንመጣ «እንግባ» ይል የነበረው ፓርቲ ዛሬ «ምን አግብቶን» ይላል። ያኔ ጦርነት ይቁም ብሎ ሰልፍ ይወጣ የነበረው ደግሞ ዛሬ «አጋሮቻችንን አንከዳም» ብሎ ይቆጣል። ሶ እኔና ደሳለኝ በየምርጫው ፓርቲ እንቀያየራለን እንጂ ክርክራችን ንቅንቅ አይልም።

በአራት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው አሳመንኩ መሰላችሁ?

አንድም! እሱም አንድም አላሳመነ። ግን ማን ይተዋል?

ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

ልጄ ሊያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የዲቤት፣ ማለትም የክርክር፣ ቡድን አባል ናት። ይህችን ያዙልኝ፣ ብቸኛዋ መከላከያዬ ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሊያ ከእኔ ጋር ማውራት ካቆመች ቆይታለች። አልተጣላንም። «ኦኬ»፣ «ፋይን»፣ «አይ ዶንት ኖ» ትለኛለች፣ በቃ። ዕድሜው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ያማል። አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ ያደገች ልጅ አሁን ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ እንደ ተሳፋሪ ታየኛለች።

ረቡዕ ዕለት ላይቭ ላይ እያለሁ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

«ዳዲ፣ ቅዳሜ አት ቱ ኢንተርቬንሽን አለ። ኮሎምቢያ ሲቲ ላይብረሪ፣ ሚቲንግ ሩም ውስጥ። ዩ ሃቭ ቱ ካም።»

ማይኩን ሚውት አደረግሁ። (ይህ ራሱ በእኔ ቤት ትልቅ ክብር ነው!)

«ምን አለ?»

«ኢንተርቬንሽን፣ ዳድ። ፕሊስ፣ ጀስት ካም።»

«ማን ማን ይመጣል?»

«ማሚ። ጋሽ መኮንን። ደሳለኝም ይመጣል።»

ደሳለኝም!

እስቲ እናንተው ደምሩት። የዲቤት ተማሪ። የላይብረሪ አዳራሽ። የ«ትግባ» ጎራ አለቃ። በዕድሜም በአስተዋይነትም ለዳኝነት የሚሆኑት ጋሽ መኮንን። ርዕሱ ደግሞ ኢንተርቬንሽን፣ ማለትም ጣልቃ ገብነት፣ ማለትም የእኔ ርዕስ!

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ልጄ ክርክር አዘጋጀችልኝ!

ጮቤ ረገጥኩ። ልጄ ሐሳቤን ፈለገች! የእኔን ሐሳብ! ስንት ወር ሙሉ ምን ብዬ ላናግራት እያልኩ ስጨነቅ፣ እሷ በእኔው መንገድ መጣችልኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ማይኩን መልሼ ከፈትኩና «ወገን፣ ልጄ ለቅዳሜ ክርክር ጋበዘችኝ!» ብዬ አወጅኩ። ዘወር ስል በሩ ተዘግቷል።

ሦስት ቀን ተዘጋጀሁ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ሻትሉ ውስጥ መለማመድ ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሻንጣ የያዙ ሴትዮ «ይህ ተርሚናል ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ማዳም፣ ትክክለኛው ጥያቄ ማን ጠራን የሚለው ነው» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያው መብራት ላይ አውርደኝ አሉኝ። ተርሚናሉ ገና ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ደረሰ። ዛሬ ማለት ነው። የዛሬን ቀን ከካሌንደር ላይ የሚያጠፋልኝ ሰው ባገኝ!

ዜግነት ስቀበል የማልኩበትን ሱፍ አወጣሁ። ቁልፉ እምቢ አለኝ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆለፍኩት።

ባለቤቴ ትዕግስት ከላይ እስከታች አየችኝ።

«ሱፍ ለበስክ?»

«ለእንዲህ ያለ ቀን ካልተለበሰ ለመቼ ሊሆን ነው?»

«ቁም ነገር አድርገህ ትይዘዋለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለችና ከረባቴን አስተካከለችልኝ። ከረባቴን ካስተካከለችልኝ ስንት ዘመን ሆነ!

መኪና ውስጥ ደግሞ እጄን ያዘችኝ።

«ከባድ እንደሚሆንብህ አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን ከባድ አለው? አራት ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ነው!»

እጇን ቀስ ብላ ወሰደች። ለእኔ ፈርታልኝ ነው አልኩ።

ሬይኒየር ጎዳና ላይ ፓርክ አድርገን ገባን። በሩን ስከፍት መድረክ የለም። ማይክ የለም። ተመልካች የለም። አምስት ወንበር ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። መሃል ላይ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ሶፍት።

ሶፍቱ ለደሳለኝ ነው አልኩ በልቤ። ሲሸነፍ ያለቅስበታል።

ደሳለኝ ተቀምጧል። ሊያ አጠገቡ ናት፣ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ለፊት ናቸው። ጋሽ መኮንንን ለማታውቋቸው፣ ያኔ ሽማግሌ ሆነው ትዕግስትን ከቤተሰቦቿ የጠየቁልኝ ሰው ናቸው። አሁን እዚህ ልጆቻቸው ዘንድ ይኖራሉ።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ መኮንን! ኧረ አይነሡ!»

«ደህና ዋልክ ልጄ። ና፣ ተቀመጥ። ለምን እንደተሰበሰብን ታውቃለህ?»

«አሳምሬ አውቃለሁ!»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ መኮንን ፊታቸው በራ።

«ካወቅከውማ ግማሹ ሥራ አለቀ። እንግዲያው እኛ ከመናገራችን በፊት አንተ የምትለው ካለህ በል።»

የመጀመሪያ ተናጋሪ እኔ! ብድግ አልኩ። ወረቀቴን አወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የተከበራችሁ ወገኖቼ! ለረጅም ዓመታት የገዛ ቤታችንን ትተን በሰው ጉዳይ ስንገባ ስንወጣ ኖረናል!»

ትዕግስት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ጠራን? ማንም! እኛ ግን ሁሉን የምናውቀው እኛ፣ ሁሉን የምናስተካክለው እኛ መሰለን!»

«እውነት ነው ልጄ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ዳኛው ከእኔ ጋር ናቸው! ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«እኛ ስለ ሩቅ አገር ስንጨነቅ የራሳችን ቤት ፈረሰ! ልጆቻችን አደጉ፣ እኛ ግን አላየናቸውም!»

(ይህን የጻፍኩት ባሕር ማዶ ስለሚከርሙ ወታደሮች ነው። በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉኝ!)

ትዕግስት ማልቀስ ጀመረች። ደሳለኝ፣ ያ ድንጋይ ደሳለኝ፣ ሶፍት መዘዘ! ሊያ ደግሞ ቀና ብላ አየችኝ። ወገን፣ እንደዚያ አድርጋ ካየችኝ ሁለት ዓመት ይሆናል።

«ስለዚህ ዛሬ በአንድ ድምፅ እላለሁ፦ በቃን! ወደ ቤታችን እንመለስ!»

ትዕግስት ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ መኮንን «ተመስገን! ተመስገን!» አሉ። ደሳለኝ ያጨበጭባል። ተቃዋሚዬ ያጨበጭባል! አራት ዓመት ለፍቼ አንድ ሰው ያላሳመንኩ እኔ በአንድ ገጽ ተኩል አራት ሰው አሳመንኩ!

ያኔ ቁጭ ብል ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ነገር ነበር።

ግን ገና ሁለት ገጽ ተኩል ይቀረኝ ነበር።

«ወታደሮቻችን ባሕር ማዶ ካሉት የጦር ሰፈሮች ሁሉ ለቀው ይውጡ! ኮንግረስ ሳይፈቅድ አንድም የጦር መርከብ ንቅንቅ እንዳይል!»

የትዕግስት እጆች ከአንገቴ ላይ ቀስ በቀስ ወረዱ። «የምን መርከብ?» አለችኝ።

«መርከብ ገዝቷል እንዴ?» አሉ ጋሽ መኮንን ወደ ደሳለኝ ዞረው።

ሊያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ኦ ማይ ጋድ። የጦርነቱ ኢንተርቬንሽን መስሎት ነው።»

«ሌላ ምን ዓይነት አለ?» አልኩ።

ደሳለኝ ነው የነገረኝ። ምስጋና ይድረሰውና በቀስታ ነው የነገረኝ። «አንቴ፣ እዚህ አገር አንድ ሰው መጠጥ ወይ ቁማር ይዞት አልለቅ ሲለው፣ ቤተሰቡ ከቦ ያስቀምጠውና በቃህ ይለዋል። እሱን ነው ኢንተርቬንሽን የሚሉት። ሽምግልና በለው።»

«ታዲያ ማን ነው የጠጣው?»

በእውነት ነው የምላችሁ፣ አንድ በአንድ አየኋቸው። ደሳለኝን ጠረጠርኩ። ጋሽ መኮንንን እንኳ ለአፍታ ጠረጠርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ሁሉም እኔን ያያሉ።

«ላይቩ ነው፣ ዳዲ» አለች ሊያ።

ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ግን የላይብረሪ ምንጣፍ ነው፣ የት ይከፈታል።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ይቀመጣል። ያደምጣል። እኔ ግን የ«አትግባ» ጎራ አለቃ ነኛ!

«ይህ በውስጥ ጉዳዬ ጣልቃ መግባት ነው!» ብዬ ጮህኩ። በመስታወቱ በኩል አንዲት የላይብረሪ ሠራተኛ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችብኝ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። «ማን ጠራችሁ? ሉዓላዊ ሰው ነኝ!»

ሊያ ተነሣች። እጇ ላይ ትንንሽ ካርዶች ይዛለች። ወገን፣ ልጄ ስትከራከር አይቼ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እኔው ተከራካሪዋ ሆኜ ነው።

«ሉዓላዊነት መብት ብቻ አይደለም፣ ሪስፖንሲቢሊቲም ነው» አለች። «መንግሥት ቤቱ ያሉትን ሰዎች ካልጠበቀ፣ ሌላ ሰው ይገባል። ያንተ ጎራ ይሄን አርጊውመንት መመለስ አይችልም፣ ዳዲ። ሰምቼሃለሁ።»

«የውጭ ኃይል የገባበት ቦታ ሁሉ ነገር ይባባሳል! ታሪክ ምስክር ነው!»

«ማሚ የውጭ ኃይል ናት?»

ትዕግስትን አየኋት። ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ነጥቡን ዘልዬ አለፍኩ።

«እሺ፣ መውጫችሁስ? ያለ መውጫ ዕቅድ የገባ ጦር ተተክሎ ነው የሚቀረው!» ይህ ምርጡ ነጥቤ ነው። ደሳለኝን አፉን የማስይዘው በእሱ ነው።

ሊያ ካርድ ገለጠች። «ኤግዚት ስትራቴጂ አለን። ሦስት ወር ነው። እራት ላይ ከኛ ጋር ማውራት ስትጀምር እንወጣለን።»

«ኡ!» አለ ደሳለኝ፣ ኳስ ሜዳ ያለ ይመስል።

ወደ እሱ ዞርኩ። «አንተስ? አብረኸኝ አይደል እንዴ ላይቭ የምትገባው? ጓደኛዬ አይደለህም?»

«እኔ እኮ ድሮም ትግባ ባይ ነኝ» አለኝ ትከሻውን ሰብቆ።

ሰውየው አቋሙን አልለወጠም! ምን ልበለው?

ቀጠለ ደግሞ። «አንቴ፣ እኔ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምገባው። ባለቤቴ ተው ካለችኝ ዓመት አለፈ። የቀረውን ቀን ከማን ጋር ስትከራከር እንደምትውል አላውቅም።»

ከማን ጋር ነበር? አሰብኩ። ስማቸውን ከማላውቃቸው፣ ፊታቸውን አይቼ ከማላውቅ ሰዎች ጋር። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሞገትኩት «ሰውዬ» የሳሙና ማስታወቂያ የሚለጥፍ አካውንት ነበር። ሦስት ጊዜ ስለ ሳሙና ሲጽፍልኝ ነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር መስሎኝ መልስ ሰጥቼዋለሁ።

ቁጭ አልኩ። ሱፌ ቁልፉን ለቀቀው። ማንም አልሳቀም፣ ይህ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ሊያ ሌላ ወረቀት አወጣች። በእጇ የተጻፈ። በአማርኛ! ልጄ በአማርኛ ሙሉ ገጽ ስትጽፍ አይቼ አላውቅም። ፊደሎቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ናቸው።

«በእንግሊዝኛ ከጻፍኩት ትከራከረኛለህ» አለችና ማንበብ ጀመረች።

«ዳዲ። ፌብሩወሪ ላይ የዲቤት ስቴት ፋይናል ነበረኝ። ርዕሱ ያንተ ርዕስ ነበር። እኔ የትግባ ሳይድ ደረሰኝ። ካንተ ጋር መለማመድ ፈለግሁ። ሦስት ቀን ጠየቅሁህ። ሦስቱንም ቀን ከላይቭ በኋላ አልከኝ።

«ሶ በውሸት ስም ላይቭህ ውስጥ ገባሁ። ጥያቄ ጻፍኩልህ። አሥራ አንድ ደቂቃ መለስክልኝ። በዚህ ዓመት ከኔ ጋር ብዙ ያወራኸው ያን ቀን ነው። ከዛ አንድ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅሁህ። ብሎክ አደረግከኝ።»

ወገን፣ ጥያቄው ትዝ አለኝ።

አንዳንዶቻችሁም ትዝ ይላችሁ ይሆናል፣ ያን ቀን ስክሪኑን በሳቅ አጥለቅልቃችሁት ነበር። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሳይጠሩት የሚገባ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ተጠርቶ የሚቀርስ ምንድነው?»

መልስ ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግሁ። «አንተ ልጅ፣ ሂድና የቤት ሥራህን ሥራ!» ብዬ ብሎክ አደረግሁ።

ልጄ ነበረች! የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር!

እኔ በየቀኑ «ማን ጠራን? ማን ጠራን?» እያልኩ ስጮህ፣ ከበሩ ማዶ የምትጠራኝ ልጄ ነበረች። ሦስት ቀን ጠርታኛለች። ደሳለኝ እንኳ አንዴ ብቻ ነው የሚጠራኝ።

ሊያ ማንበቧን ቀጠለች። «ፋይናል ላይ ሁለተኛ ወጣሁ። ማሚ መጣች። አንተ ላይቭ ላይ ነበርክ። ያንተን አርጊውመንት ሁሉ መልሼ ነው እዛ የደረስኩት። ብትኖር ትናደድ ነበር። እንድትናደድ ፈልጌ ነበር።»

የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦

«ዳዲ፣ ናፈቅኩህ።»

«ናፈቅከኝ ነው የሚባለው፣ የኔ ቆንጆ» አለች ትዕግስት በሹክሹክታ። እዚህ አገር የሚያድጉ ልጆች ይህችን ቃል ከእንግሊዝኛው ሲመልሷት ሁሌም ትገለበጥባቸዋለች፣ ልጆች ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ናፋቂዋ እሷ ሆና ሳለ ናፋቂው እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ተዪያት» አልኩ። «ልክ ናት።»

አለቀስኩ። ሶፍቱን ከደሳለኝ እጅ ነጥቄ አለቀስኩ። ናፍቃኛለች! በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ በር ማዶ ሆና ናፍቃኛለች፣ እኔ ግን በምን ጊዜዬ ልወቀው?

ስጨርስ ጋሽ መኮንን እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ያኔ ትዕግስትን ልጠይቅልህ የሄድኩት ቤቱን የሚወድ ልጅ ነው ብዬ ነው። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አታድርገኝ።»

ከዚህ በኋላ ምን ሉዓላዊነት አለ? እጄን ሰጠሁ።

በእርግጥ ትንሽ ለመደራደር ሞክሬያለሁ። «የሽግግር ጊዜ ይሰጠኝ፣ ስድስት ወር» አልኩ።

«ኖ» አለች ሊያ።

«በታዛቢዎች ፊት?»

«ዳዲ።»

ፈረምኩ። ላይቭ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። በቀረው ቀን ከሥራ ስመለስ ስልኬ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ አንድ ግን ሊያን አንብሎክ ማድረግ ነበር። እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም ነበር፣ ሰው ብሎክ ማድረግ እንጂ መመለስ ተምሬ አላውቅም። እሷ አሳየችኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ትዕግስትም ውስጡ አለች! በየትኛው ክርክር ላይ ብሎክ እንዳደረግኋት ሁለታችንም አናስታውስም። እሷ ግን ታስታውሳለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ በሊያ ፈቃድ ነው። ግማሽ ሰዓት ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀምጣለች። ስለ ኮንግረስ ሥልጣን የጻፍኳቸውን ሦስት አንቀጾች ቆርጣ ጥላቸዋለች። «ኖባዲ አስክድ» አለችኝ፣ ማን ጠየቀህ ማለቷ ነው። ልብ በሉ፣ እኔው በፈጠርኩት መሣሪያ ነው የመታችኝ።

ከላይብረሪው ስንወጣ ከእናቷ ኋላ ቀረት አለችና እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ኔክስት መንዝ ስፖኬን ከተማ ውድድር አለኝ» አለችኝ። «ተመልካች መግባት ይችላል። ግን ተመልካች አይናገርም። ራስ መነቅነቅም የለም። ኤጭ ማለትም የለም። ትመጣለህ?»

ጠራችኝ!

«የየትኛው ጎራ ነሽ?» አልኳት።

«ሳንቲም ተጥሎ ነው የሚታወቀው።»

እሄዳለሁ። ተራራውን ተሻግሬ አራት ሰዓት ነድቼ እሄዳለሁ። አፌን ዘግቼ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እኔ! አፌን! ትዕግስት ካላየሁ አላምንም ብላለች፣ ደሳለኝ ደግሞ አብሬ መጥቼ እጠብቅሃለሁ ይላል። ሰውየው መግባት ይወዳል።

ሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የ«አትግባ» ጎራ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተ መልሱልኝ። ሳንቲሙ ተጥሎ ልጄ «ትግባ» የሚለው ቢደርሳት፣ እኔም ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በልቤ «አሜሪካ የፈለገችው አገር ትግባ፣ ልጄ ብቻ ታሸንፍልኝ» ብዬ ብለምን፣ ከጎራው ታባርሩኛላችሁ?